ገጹ ተስተካክሏል

የሆስፒታሉ ሰዎች እትዬ ማኅተም ይሏታል። ቅጽል ስሙን ሐኪሞቹ ያወጡላት ለሹፈት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። መውለድ ያቃታቸው ሰዎች በሚታከሙበት በዚያ ሆስፒታል ምድር ቤት ያለውን ቤተ መጻሕፍት ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቃለች። አንድ ጥናት ውሸት ሆኖ ሲገኝ አሳታሚው ደብዳቤ ይልካል። እሷም መጽሔቱን ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ጥናቱ የሚጀምርበት ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም ትመታለች። ያን ማኅተም ከእሷ በቀር ያየው ሰው ስለመኖሩ እንጃ። ሐኪሞቹ ደረጃውን ከወረዱ ዓመታት አልፈዋል።

ታናሽ እህቷን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ትንሿ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። አሁን አርባ ሞልቷታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ለሌሎች ሰዎች ልጆች ቀሚስ ስትሰፋ የራሷ ዕድሜ ሄደባት። ልጅ ፈልጋ እዚያው ሆስፒታል ስትመጣ ዋና ሐኪሙ አልደበቃትም፤ እንቁላሏ እየተመናመነ ነው፣ ያለቻት አንዲት ዕድል ናት፤ እንቁላሉን አውጥቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ማጽነስ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፊቷ እያበራ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። በረዶ የተጠቀጠቀባት ትንሽ ሣጥን ይዛለች።

«እትዬ፣ መርፌ ታዘዘልኝ! ስድስት ወር ተወግቼ ነው እንቁላሉ የሚወጣው። ማኅፀን ያጠነክራል አሉኝ።»

እትዬ ማኅተም ሣጥኗን ከፍታ የመርፌውን ስም ስታነብ ወዲያው አወቀችው። ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጇ ማኅተም የመታችበት ጥናት ስለዚሁ መርፌ ነበር። ተወግተው ወለዱ የተባሉት ሴቶች ተፈልገው አልተገኙም፤ አጥኚው ቁጥሩን ቁጭ ብሎ ፈጥሮታል።

«የኔ እናት፣ ይሄን መርፌ ተይው። ጥናቱ ውሸት ነው። ላንቺ ስድስት ወር ማለት ብዙ ነው፤ አሁኑኑ ይውጣልኝ በያቸው።»

እህቷ ሣጥኗን አቀፈች። «አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ? መጽሐፋቸው ላይ አሳይተውኛል። አርባ ሰባተኛው ማስረጃ ብለው ጽፈውታል።»

መጽሐፍ ያለችው የሆስፒታሉን የሕክምና መመሪያ ነው። እትዬ ማኅተም የዚያኑ ዕለት ዋና ሐኪሙ ቢሮ ወጣች። ሰውየው ትሑት ነው፤ ወንበር ሳበላት።

«ሃያ ሦስት ሐኪሞች በየጽሑፋቸው ጠቅሰውታል እኮ፣ እትዬ ማኅተም። ሃያ ሦስት ሰው ይሳሳታል?»

ዘጠኝ ቀን ፈጀባት እንጂ ሃያ ሦስቱንም ጽሑፎች አንድ በአንድ አገላበጠች። የዚያው ሆስፒታል ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው የጻፏቸው ናቸው። አንዱ ካንዱ ይቀዳል፣ ሌላው መልሶ ከሱ ይቀዳል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሁሉም ጥናቱ ገጽ 217 ላይ ይገኛል ይላሉ። መጽሔቱን ገለጠች። 217 ላይ ያለው ስለ ኩላሊት ጠጠር ነው። ጥናቱ ከነቀይ ማኅተሙ 271 ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ ከሃያ ሦስቱ አንድ እንኳ ከፍቶ ያየው የለም ማለት ነው።

ስህተቱን ማን እንደጀመረው ስትፈልግ የመመሪያው የመጀመሪያ እትም ጋ ደረሰች፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የታተመ ነው። የማስረጃውን ዝርዝር የተየበችው ራሷ ነበረች። ሳቋ መጣ፣ የቆሽት ማረር ሳቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ውሸትም እንደዚያው ነው።

ሁሉንም ተሸክማ ተመልሳ ወጣች።

«የገጹን ቁጥር ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ግን ማንም እንዳላነበበው ምስክሩ ይኸው። የአሳታሚውም ደብዳቤ ይኸው።»

ሐኪሙ መነጽሩን አደረገ። «ጎበዝ! ትልቅ ነገር ነው ያገኙት። ለአዲሱ እትም እናስተካክላለን።»

«መርፌውስ? የእህቴስ ነገር?»

«እሱን ኮሚቴው ይየው። እስከዚያው የጀመሩት ይቀጥሉ።»

ኮሚቴው በስድስት ወር ውስጥ አንዴ ተሰበሰበ፤ የተወያየው ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። እሷ ደግሞ እህቷን ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች።

«እትዬ፣ ሰው ሁሉ ‹መቼ ነው የምትወልጂው› እያለ ሲያሳቅቀኝ፣ እነሱ ብቻ ናቸው ይሆናል ያሉኝ» አለቻት እህቷ። «ባይሆን ተስፋዬን አትንኪብኝ።» ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት መምጣቱንም ተወችው።

በሰባተኛው ወር መጣች። ሣጥኗን አልያዘችም። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ምንም የለም አሉኝ። አንድም አልቀረም። በጊዜ ብትመጪ ኖሮ አሉኝ።»

እትዬ ማኅተም አቀፈቻት። አልነገርኩሽም ወይ እንዳትል ምላሷን ነከሰች፤ ነግራታለችና፣ መንገሯም ምን ፈየደ?

ጠረጴዛው ላይ ጠዋት የመጣው አዲሱ እትም ነበር። እህቷ እንባዋን እየጠረገች ገለጠችው፤ መግቢያው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «‹ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ ላረጋገጡልን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን ምስጋናችን የላቀ ነው።› አንቺን ነው?»

«እኔን ነው።»

እህቷ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ሄደች። ጣቷ አርባ ሰባተኛው ላይ ቆመ። «ይኸው አለ እኮ! ውሸት ነው አላልሽኝም?»

«ገጹን ብቻ ነው ያስተካከሉት» አለች እትዬ ማኅተም።

መጽሐፉን ከእጇ ተቀበለቻት። መሳቢያዋን ስባ ማኅተሟን አወጣች፣ ቀዩ ቀለም ውስጥ ነከረች፣ የገዛ ምስጋናዋ ላይም ባላት ጉልበት መታችው።

እህቷ ቀና ብላ አየቻት።

«ማን ሊያየው?» አለቻት።