ቁም ሳጥን ውስጥ የሚታከመው ሃምሳ አለቃ

ሃምሳ አለቃው ከጦርነት ሲመለስ አካሉ ሙሉ ነበር። በር ድንገት ሲዘጋ ግን ዘሎ ጠረጴዛ ስር ይገባል፤ ከዚያ የሚያወጣውም መጠጥ ብቻ ነው። ሥራው የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ነው። የሌላውን ብልሽት ያቃናል፣ የራሱን እንቅልፍ ግን ማቃናት አቃተው። አንድ ጠዋት ሚስቱ፣ «ወይ ታከም፣ ወይ እናቴን ይዤ ልውጣ» ስትለው በስልክ ቪዲዮ ለሚሰጥ የቀድሞ ወታደሮች የቡድን ሕክምና ተመዘገበ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አማቱ ደግሞ ባለ አራት ጆሮ ናቸው። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ በሚስቱ ቀሚሶች መሃል ተኮራምቶ ስልኩን ይከፍታል። ሐኪሟን «ቢሮዬ ነው፤ መብራት ሄዶብኝ ነው» ይላታል። ሁለት ወር ሙሉ መብራት አልመጣም። መጠጥ ቤት መሄዱን ትቷል፤ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከደበቀው ነጭ መጠጥ ግን ለድፍረት አንዳንድ ጉንጭ ይላል።

አንድ ማክሰኞ ሐኪሟ፣ «ዓይናችንን ጨፍነን፣ ሰላም የሚሰማንን ቦታ እናስብ» እንዳለች፣ አማቱ ብርድ ልብስ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን በረገዱት።

«ተኛ!» ብሎ ጮኸ ሃምሳ አለቃው።

ስክሪኑ ላይ ከነበሩት ታካሚዎች አምስቱ ባንዴ ድራሻቸው ጠፋ። ያልተንቀሳቀሱት ስድስተኛው ታካሚ፣ አንድ ኮሎኔል ብቻ ናቸው፤ ድሮውንም አልጋ ስር ነበሩ።

አማቱ ጎንበስ ብለው ስልኩ ላይ የቀረችውን ሐኪም አዩ። «ልጄ፣ ሰዎቹን የት አደረስሻቸው?»

«መሬት ላይ ተኝተው ነው መሰለኝ፣ እማማ።»

«አስነሺያቸው እንጂ፤ ብርድ ይመታቸዋል!»

ከአንዱ ስልክ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ ከሌላው። አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ጉዳቸውን አወጡ፦ አንዱ ከቆመ መኪና ውስጥ፣ አንዱ ከመታጠቢያ ቤት ነበር የሚታከመው። ሃምሳ አለቃው ግን አልሳቀም። ጠርሙሱን አውጥቶ ለካሜራው አሳየ።

«እኔ ደግሞ ይሄን ይዤ ነው» አለ።

«እሱን ተወው» አሉ አማቱ። «ጥርሴን ሲያመኝ እየተጉመጠመጥኩበት ካለቀ ወር አለፈው። ውሃ ነው የሞላሁበት።»

«ውሃ? እኔ እኮ ሞቅ ሲለኝ ነው የከረመው!»

«እኔንም ገርሞኛል።»

ሐኪሟ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፣ ሰረዘችው፣ መልሳ ጻፈችው።

ዳነ ለማለት ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጠጥ ቤት ገብቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ለቡድኑ በገዛ አፉ ተናግሯል። አሁን የሚታከመው ሳሎን ውስጥ፣ በሩን ከፍቶ ነው። አማቱ አጠገቡ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ኮሎኔሉ ንግግራቸውን ጀምረው ዝም ሲሉ፣ «አይዞዎት፣ ጊዜው የት ይሄድብናል ብለው ነው? ቀስ ብለው ይንገሩን» ይሏቸዋል። ኮሎኔሉም ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይቀጥላሉ።