የማደያውን ታንክ ያጠብን ዕለት

ከጭሮ በወጣሁበት ዕለት ማደያው ግቢ ውስጥ የነበርነው አምስት ነን፦ ነዳጅ ቀጂዎቹ አብዲ፣ ሃሊማና እኔ ዳዊት፤ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ደረጀ፤ እስከ አዋሽ ሊያደርሱኝ ቃል የገቡት የቦቴ ሾፌር ጋሽ ወርቁ። ሌላ ሰው እዚያ ነበርኩ የሚል ካለ ዋሽቷል።

ጋሽ ወርቁ ቤንዚናቸውን ከመገልበጣቸው በፊት መሬት ውስጥ የተቀበረው ታንክ መታጠብ ነበረበት። ጋሽ ደረጀ እንደምሄድ እያወቁ «ለመሰናበቻህ ትሆናለች» አሉኝ። መጀመሪያ አብዲ ወገቡን በገመድ ታስሮ ገባ። ዓይኑ ደም መስሎ ሲወጣ እኔ ገባሁ። ዝቃጩን በቆርቆሮ እየፋቅን በባልዲ ስንሞላ ሃሊማ በባዶ እጇ ጎትታ ታወጣለች። ገመዱን የያዙት ጋሽ ደረጀ ነበሩ፤ ስልክ ሲደወልላቸው ለጋሽ ወርቁ ሰጥተው ሄዱ።

ስንጨርስ እንደ ልማዳችን እጃችንን በቤንዚን ታጠብን፤ በዚያው እጅ ጫት ቀነጠስን። ጋሽ ደረጀም ለእያንዳንዳችን አንድ ብርጭቆ ወተት አስመጡ። «ወተት መርዙን ጠራርጎ ያወጣል» ይሉ ነበር። ጓንት ስንጠይቃቸውም መልሳቸው ወተት ነው። ከአሰር ሶላት በኋላ ሃሊማ «ነጋን ገሊ»፣ በሰላም ግባ፣ ብላ ሸኘችኝና ከጋሽ ወርቁ ጋር ከጭሮ ብርድ ወደ ሚኤሶ ሙቀት ወረድን።

ከአዋሽ ወዲያ ያለውን በረሃና ባሕር ሌሎች አሳምረው ተርከውታል። እኔ ማሳመር ስለማልችል እዘለዋለሁ።

ጀርመን ስደርስ የጥገኝነት ጉዳዬን የያዘው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ፦ «ሥራህ ምን ነበር?»

«ማደያ።»

«እህ፣ ታንክሽቴለ!» አለ፤ ማደያ ማለቱ ነው። «ዳቦና ቡና ትሸጥ ነበር።»

«አይ፣ ነዳጅ እቀዳ ነበር።»

«ለምን? ደንበኞቻችሁ እጅ የላቸውም?»

በእነሱ አገር ነዳጁን ደንበኛው ራሱ ነው የሚቀዳው። መልሼ ሳልጨርስ «ዳቦ ሻጭ» ብሎ ጻፈ። ዳቧቸው እንደ ቦርደዴ ድንጋይ ነው፤ እኔ ብሸጠው ኖሮ አፍር ነበር።

እጄ መንቀጥቀጥ ሲያበዛ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሴትዮዋ ስለ ሥራዬ በዝርዝር ጠየቀችኝ።

«እጃችሁን በምን ትታጠቡ ነበር?»

«በቤንዚን።»

አስተርጓሚው ጆሮውን ስላላመነ ደግሞ ጠየቀኝ።

«መከላከያስ ነበራችሁ?»

«ወተት።»

አልሳቀችም። በደሜ ውስጥ እርሳስ የሚባለው፣ ድሮ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረና በታንክ ዝቃጭ የሚቀር ብረት ተገኘ። አጥንት ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይወጣል አለችኝ፤ ከእርጉዝ ሴት ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ሃሊማ እርጉዝ መሆኗንና አምስት ወሯ እንደሆነ በስልክ የነገረችኝ በዚያው ሳምንት ነበር። የሐኪሟን ወረቀት አስተርጉሜ ለጋሽ ደረጀ ላክሁና ለሃሊማ ደወልኩ።

«ወደ ቢሮ አዛውሩኝ አልሻቸው?»

«አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ወተቱን ሁለት ብርጭቆ አደረጉልኝ። ወላሂ፣ አልቀለድኩም።»

ስልኩን እንድትሰጣቸው ለመንኳት።

«ዳዊት! ወፈርክ ወይስ እንዳለህ ነህ?»

«ጋሽ ደረጀ፣ ሃሊማን ከመቅጃው ያንሷት። ወረቀቱን አይተውታል።»

«አየሁት። የሚያወራው ስላንተ ደም ነው። ሊቢያ ውስጥ ምን ውሃ እንደጠጣህ ማን ያውቃል?»

«ታንኩን ያጠብን ዕለትስ?»

«የምን ታንክ? እኛ ታንክ የምናሳጥበው በባለሙያ ነው። ቀጂ ገብቷል የሚል ምስክር ካለህ አምጣ፤ ዛሬውኑ አዛውራታለሁ።»

ይኸው፣ ምስክር እየፈለግሁ ነው። የእኔና የሃሊማ ቃል፣ ባለጉዳዮች ስለሆንን አይቆጠርም። አብዲ፣ ከሥራ እንዳያባርሩህ እንደምትፈራ አውቃለሁ፤ ግን የገባኸው ከእኔ በፊት ነው። ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎ ደግሞ የእሳቸው ተቀጣሪ አይደሉም፤ ገመዱንም ይዘው ነበር። አብዲ ውስጥ ሳለ እኔ አሥራ አንድ ባልዲ ቆጥሬያለሁ፤ እኔ ውስጥ ሳለሁ የወጣውን ግን የሚያውቀው ከላይ የነበረ ነው። ዝቃጩ የት እንደተደፋም አላየሁም። በዚህ ጽሑፍ የጎደለውን ጨምሩበት፣ የተሳሳትኩትንም አርሙና ስማችሁን ጽፋችሁ ለሃሊማ ስጧት። አሁን ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ዛሬም ሁለተኛው መቅጃ ላይ ቆማለች።