እማሆይ የቀበሩብኝ ድንች

እንጅባራ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት መነኩሲት ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች የሚያሳድጉበት ሰፊ የሣር ቤት ነበር። እናቴ በተቀበረች ሰሞን፣ ከንፈሬ በረሃብ ተሰነጣጥቆ፣ አንድ ጎረቤት አዝሎ አደረሰኝ። እማሆይ አንዴ አዩኝና «ይቺ ልጅ ሳትበላ ስሟን እንዳትጠይቋት!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው ዘንገና ሐይቅ ድረስ ይሰማል። ሲያባብሉ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በአገውኛ ስለነበር አገውኛ የለመድኩት በጣም ቶሎ ነው።

መብላቱንስ በላሁ። ነገም ምግብ እንዳለ ግን ማንም ቢምልልኝ አላምንም። ስለዚህ ከየገበታው ድንች እያነሳሁ በቀርቀሃ አልጋዬ ሥር፣ በእንስራው ጀርባ፣ በተገኘው ቀዳዳ ሁሉ እሸጉጥ ነበር። አንድ እሑድ የእማሆይ የንስሐ አባት ሊሄዱ ተነሥተው፣ ዝናብ ነበርና ደጃፉ ላይ ጃንጥላቸውን ቢዘረጉት የተቀቀለ ድንች በራሳቸው ላይ ወረደ።

«ይቺ ልጅ ጠበል ያስፈልጋታል!» አሉ ጥምጥማቸውን እያቃኑ።

«ይሁን አባቴ» አሉ እማሆይ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፍነው፤ «እስከዚያው ይቅመሱት እንጂ፤ ከሰማይ የወረደ ነው።»

እኔን አልመቱኝም። በማግሥቱ ጥሬ ድንች የሞላ ቅርጫት አምጥተው ራስጌዬ አስቀመጡ። «ይኼ ያንቺ ነው። እኔም ብሆን ሳላስፈቅድሽ አልነካውም» አሉኝ። ስርቆቱን ተውኩ። ቅርጫቱን ግን አቅፌ ነበር የምተኛው፤ ከውስጡ አንድም አልበላሁም።

እየዋለ እያደረ ድንቹ አቆጠቆጠ። እማሆይ መጥተው እጅ ነሡና «እሜቴ፣ ከሚበሰብስ ይፈቀድልኝና ከጓሮ ልቅበረው» አሉ።

መሬት ውስጥ የገባ ነገር እንደማይመለስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጩኸቴን ለቀቅሁት። የሰፈሩ ሴቶች ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ።

«ድንቼን ሊቀብሩብኝ ነው!» አልኳቸው።

አንዷ ከመጣሁ አይቀር ብላ ነው መሰል፣ አጠገቤ ተቀምጣ «እግዜር ያጽናሽ» አለችኝ።

ከብዙ ድርድር በኋላ ግማሹን ፈቀድኩ። ከተተከለ ወዲያ ግን በየጠዋቱ እየወረድኩ፣ መኖሩን ለማየት እየቆፈርኩ አወጣዋለሁ። እማሆይ አንጀታቸው አረረ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ አንቺ እያለሽ ግን ድንች እንኳ አይበቅልም!» አሉ። በመጨረሻ አንዱን ለመቆፈሪያዬ መደቡልኝና ሌላውን እንዳልነካ አስማሉኝ። ያ አንዱ ድንች ያየውን መከራ እኔ አውቃለሁ።

ሌላው ደረሰ። እማሆይ ዶማውን አንስተው አፈሩን ሲገለብጡት፣ አንድ በቀበርንበት ጉድጓድ ብዙ ሆኖ ተያይዞ ወጣ። በደስታ ጭቃው ላይ ተንከባለልኩ። ከዚያ ብድግ አልኩና ጠየቅኋቸው።

«እናቴስ መቼ ትወጣለች?»

እማሆይ ዶማቸውን ጣሉ፤ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«እሷ አትወጣም፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ ግን ከእንግዲህ አትራቢም።»

ያኔ አለቀስኩ፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩላት ያን ቀን ነው። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ጭናቸው ላይ ተደፋሁ። እሳቸውም በሁለቱም ቋንቋ ሲያባብሉኝ ዋሉ። የመጀመሪያውን ቃል ስላልዋሹኝ፣ ሁለተኛውንም አመንኳቸው።

እሑድ የንስሐ አባታቸው መጡ። ከድስቱ ትልቁን ድንች አወጣሁ፤ ጣቴ እየተቃጠለ ልጬ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

«ይብሉ አባቴ፤ ነገም አለ» አልኳቸው።

እሳቸው ድንቹን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ከመቀበላቸው በፊት ጃንጥላቸውን አንስተው ገልብጠው አራገፉት።