የውሸት ሳል

ትናንት ሐኪሙ፣ የልጅ ልጄ እኩያ፣ «አባባ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይምጡ» አለኝ። ባለቤቴን አስካለን አልጋዋ ላይ ትተናት ወጣን። የነገረኝን ከሰማሁ በኋላ የሆስፒታሉን ኮሪደር ወዲያ ወዲህ እል ጀመር። ትዝታ መቼም ሰዓት አይመርጥም፣ የዚያ ክረምት የውሸት ሳሌ ትዝ አይለኝ መሰላችሁ!

በጃንሆይ ዘመን ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ከሰፈር ልጆች ጋር ቴአትር እንሠራለን። አንድ ፈረንጅ የሕክምና መምህር እዚያ አይቶኝ ኖሮ፣ ተማሪዎቹ እንዲለማመዱብኝ በሽተኛ መስዬ እንድቀርብ ጠየቀኝ። ማስመሰሌን ለተማሪዎቹ እንዳልናገር አስጠነቀቀኝና የሌላ ሰው የደረት ራጅ በስሜ አስቀመጠ። ሳሌን እኔው ራሴ እፈራው ነበር።

የደረሰኝ ተማሪ ትሑት ልጅ ነው። ራጁን አየና፣ «ዘመድ አለህ ወንድሜ?» አለኝ። እኔ ጅሉ፣ በትወናው ሰክሬ፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚነግዱትን የእጮኛዬን አባት ስም ጠራሁለት። መምህሩ የፈለገው ለበሽተኛው ለራሱ እንዲነግር ነበር። ልጁ ግን እንደ አገሩ ወግ፣ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም ብሎ፣ በዚያ ጭቃ ወርዶ ለሰውዬው ሹክ አላቸው። «ሳንባው አልቋል፣ ብዙም አይቆይም» ብሎ።

በማግስቱ ሰርጉ ይቆይ ተባልኩ። ለምን ብል የሚነግረኝ ጠፋ፤ እነሱም ለታማሚ አይነገርም ብለዋላ! ከምኖርበት ከእሪ በከንቱ አትክልት ተራ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። አስካለን አያሳዩኝም። ጎረቤቱ ሳልጠይቅ አጥሚት ያመጣልኛል፣ እኔም ግራ እየገባኝ እጠጣለሁ። ከእንቅልፌም ከሥራዬም ሳልሆን ሰነበትኩ።

አንድ ቀን አስካለ በካፊያ ነጠላዋን ተከናንባ ሱቄ ድረስ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ሳንባህ አልቋል አሉ። አባቴ ቢከለክለኝም አገባሃለሁ» አለች። «የቀረህን አብረን እንኖራለን።»

ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ። አስረድቼ ስጨርስ አንድ ጥፊ አቀመሰችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። መምህሩ ራሱ መጥቶ ጤነኛ ነው ብሎ ለአባቷ እስኪምል ድረስ የሰርጉ ቀን አልተቆረጠም።

በተማሪው ስንት ዓመት ሳቅንበት! ትናንት ግን ኮሪደሩ ላይ ገባኝ፤ ወጉ የሚያሳርፈው ታማሚውን ሳይሆን ተናጋሪውን ነው። እንዲያም ሆኖ ፊቴን አብሼ ገባሁና፣ ደህና ነሽ ብሎኛል አልኳት።

አስካለ ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ በሽታ እንጂ ጤና ማስመሰል አታውቅበትም። ቁጭ በልና ንገረኝ» አለች።

ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ከዚያም እጇን ይዤ፣ በዚያ ካፊያ ሱቄ ድረስ መጥታ ያለችኝን ቃል መለስኩላት፦ «የቀረሽን አብረን እንኖራለን።»