ግላፊራ ለባሏ እናት የሆነችበት ክረምት

በሩሲያዋ ከተማ በኮስትሮማ የዚያን ዘመን ተውኔት ያየ ሰው ግላፊራ ሳቪሽናን አይረሳትም። በየምሽቱ ትሞት ነበር፤ አንዴ ለወንድሟ ስትል ሽማግሌ አግብታ፣ አንዴ ለፍቅረኛዋ ክብር ስትል ቮልጋ ወንዝ ገብታ። ጸሐፊዎቹ ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ካልተሠዋች አምስተኛው ገቢር የሚያልቅ አይመስላቸውም። መጋረጃው ሲወርድ ሟቿ ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ቤቷ ገብታ የባሏን የኢፖሊትን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ለዚህኛው መሥዋዕት ያጨበጨበ አልነበረም።

አንድ የበልግ ጠዋት የተዋናዮቹ ቡድን ባለቤት ቲኾን ፕሮኮሮቪች ሚና ሲያከፋፍል ለግላፊራ የእናትን ሰጣት።

"የማን እናት?"

"የኢፖሊት።"

ተዋናዮቹ ሳቁ። ኢፖሊት በዕድሜ ይበልጣታል፤ መድረክ ላይ ቦርጩን በመቀነት ጠፍንጎ ነው ወጣት አፍቃሪ የሚሆነው።

"እኔ እሱን ልውለድ? እኔ ሳልወለድ ጢም ያበቀለውን!"

"ልጄ፣ ተመልካች የልደት ቀን አይጠይቅም" አለ ቲኾን። "ወንድ መቆም እስከቻለ አፍቃሪ ነው። ሴት ግን አርባ ሲጠጋት..."

"ይጨርሱት እንጂ! አርባ ሲጠጋት ምን?"

"እናት ናታ! ከእናት የሚበልጥ ምን አለ?"

"እንግዲያው እርስዎ ይሁኑ።"

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ባልና ሚስት የሚቀጠሩት አንድ ላይ ነው፤ እምቢ ካለች ሁለቱም ይሰናበታሉ። ማታ ኢፖሊት አጠገቧ ተቀምጦ አቆላምጦ ጠራት።

"ግላሻ፣ እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። ሸሚዝህን መቆለፍም አታውቅም።"

"ለእኔ ስትዪ።"

ይህን ቃል መድረክ ላይ ስንቴ ሰምታዋለች! ሁልጊዜ ከመሞቷ ትንሽ ቀደም ብሎ።

"እሺ" አለች በመጨረሻ። "ፀጉርህን ግን ካሁን በኋላ ራስህ ተቀባ።" እስከዚያ ድረስ ሽበቱን የምታጠቁርለት እሷ ነበረች።

በመጀመሪያው ምሽት ልጅየው ተንበርክኮ እናቱን ይቅርታ ሲለምን፣ የመብራቱ ሙቀት የኢፖሊትን የፀጉር ቀለም አቀለጠው። ጥቁሩ በጉንጩ ወረደ። ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተሰማ። በተውኔቱ መሠረት እናትየው እዚህ ላይ ፊቷን አዙራ መውጣት ነበረባት፤ ብትወጣ ማንም አይወቅሳትም። ግላፊራ አልወጣችም። ሻርፗን አውልቃ ራሱን ሸፈነች፤ ደረቷ ላይም አጥብቃ ያዘችው።

"አፈንሽኝ እኮ!" አለ ከውስጥ ሆኖ።

"ዝም በል፣ ቀልጠሃል።"

ሳቁ ቆመ። ፊት የተቀመጠች የነጋዴ ሚስት ተንሰቀሰቀች፤ አዳራሹም ተከተላት። የእናት ፍቅር መስሏቸው ነው። እኛ ሰዎች የሚስትን ፍቅር በስሙ መጥራት ለምን እንደሚከብደን እንጃ።

ቲኾን ፕሮኮሮቪች ከመጋረጃው ጀርባ እየሮጠ መጣ። "ሻርፑ በየምሽቱ ይደገም! በየምሽቱ!"

"አይደገምም" አለች ግላፊራ። "አርጅተሻል ካሉኝ እሺ፣ አርጅቻለሁ። ግን ከባሌ ጋር ነው ያረጀሁት። ከነገ ጀምሮ የልጅየውን አባት እሱ ይጫወት፤ አለዚያ ሁለታችንም የለንም።"

ቲኾን ወደ ኢፖሊት ዞረ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

ኢፖሊት ጥቁር የተለቀለቀ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "መቀነቱ አንጀቴን አጣብቆት ነበር" አለ እየፈታው።

የከተማዋ ሽማግሌዎች ዛሬም የሚናፍቁት እነዚያን ሁለት ሽበታሞች ነው፦ በየተውኔቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ወጣቶቹ ከፊት ለፊታቸው ስለ ፍቅር ሲሞቱ፣ ቀስ ብለው እየተሟገቱ ሻይ የሚጠጡትን።