የሐሙስ እግረኞች

ከፋለ ላሊበላን ለፈረንጅ በማስጎብኘት የኖረ ሰው ነው። በቀን ሦስቴ አራቴ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ጠንካራ እንግዳ ካገኘማ ከከተማው ርቃ እስካለችው ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ይዘልቃል። በደርግ ጊዜ በዙሪያው ጦርነት ሲበረታ እንግዳ ቀረ። ከፋለም ሥራ ፈትቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

መቀመጡን ግን አልቻለበትም። መቀመጫው ሳይሞቅ ይነሳል፣ እስከ አጥሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሚስቱ አዛለች የታሰረ በቅሎ አብሮኝ ይኖራል እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ጉልበቱ አበጠና ክሊኒክ ሄደ። ጤና ረዳቱ አብዱልጀባር ጉልበቱን ዳሰሰ እንጂ መድኃኒት አልሰጠውም። እንደ እሱ ሥራ የፈቱ አስጎብኚዎች፣ መስቀል ሻጮችና የሆቴል አስተናጋጆች እግራቸው እያበጠ፣ ደም ግፊታቸው እየጨመረ በየሳምንቱ እንደሚመጡ ነገረው።

"እግርህ የለመደውን ነው የሚፈልገው። ተነስና ሂድ" አለው።

በማግስቱ ከፋለ ብቻውን በገነተ ማርያም መንገድ ወጣ። ኬላው ላይ ሚሊሻዎች አስቆሙትና ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁት። የትም አላቸው። በዚያን ጊዜ ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም። የወንበዴ መልእክተኛ ነህ ተብሎ ሦስት ቀን ታሰረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ምስጋኑ ሲፈታው፣ ጉዳይ የሌለው ሰው መንገድ ላይ እንዳይታይ አስጠንቅቆ ነው።

ከዚያ ወዲያ እረፍት የሚባል ነገር አጣ። ታስሮ ሳለ ከጠባቂዎቹ አንድ ወሬ ሰምቷል፤ ሊቀመንበሩ የሕዝብ ስፖርት ይስፋፋ የሚል መመሪያ ከአውራጃ ደርሶት፣ በየሦስት ወሩ ሪፖርት እየተጠየቀ፣ የሚጽፈው አጥቶ ተጨንቋል። መሄድ ራሱ ጉዳይ ነው ተብሎ በቀበሌ ማኅተም ቢጻፍስ? ብሎ አሰበ።

መጀመሪያ ከአብዱልጀባር የጤና ደብዳቤ ተቀበለ። ቀጥሎ ሰው የሚያምናቸው መምሬ ባዘዘው ዘንድ ሄደ። እሳቸው ነገሩ የካድሬ ጭፈራ መስሏቸው ፊታቸውን አዞሩበት።

"እኛ ሌሊቱን በመቋሚያ ቆመን ነው የምናነጋው። ለእኛ ስፖርት ልታስተምር መጣህ?"

"ለእርስዎ አይደለም አባ። ተቀምጠን ለምንበሰብሰው ነው" አላቸው።

መምሬም በዓል በሆነ ቀን እንዳትወጡ ብቻ ብለው ፈቀዱ። ቀን መምረጡም ሌላ መከራ ሆነ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሑድ ቅዳሴ፣ ዓርብ አብዱልጀባርና ሌሎቹ እስላሞች ጁምዓ አለባቸው፣ ሰኞና ረቡዕ የቀበሌ ስብሰባ፣ ማክሰኞ የሚሊሻ ሥልጠና። ከፋለ ከደብሩ ወደ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ቀበሌ ሲሮጥ ሰነበተና ሐሙስ ላይ ተስማሙ። ጓድ ምስጋኑም ለሪፖርቱ የሚጽፈው በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ የእግር ጉዞውን ደንብ ለማጽደቅ ሕዝቡን ሰበሰበ።

ስብሰባው ላይ የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ይማርሽ ተነሳች። "እኛ በቀን ሁለቴ ምንጭ ወርደን እንወጣለን፤ በእንስራ። መሄድ ጤና ከሆነ ከእኛ በላይ ጤነኛ የለም። ከሄዳችሁ አይቀር ስትመለሱ ውሃ ይዛችሁ ኑ።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም፤ የደንቡ አራተኛ አንቀጽ አድርጎ ጻፈው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሠላሳ አንድ ሰው ወጣ። በሁለተኛው፣ ጀሪካን መያዝ ግዴታ መሆኑ ሲታወቅ፣ ዘጠኝ ብቻ መጣ። ወንድ ልጅ ውሃ ተሸክሞ በሰው ፊት ለማለፍ ያፍራል። ከፋለ ሁለት ጀሪካን ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ፤ ሳምንቱን ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ ሲለምን፣ ሲቆጣ ሰነበተ። ቀስ በቀስ ቁጥሩ ሃያ ደረሰ። አብዱልጀባርም ደም ግፊታቸውን እየለካ ይመዘግብ ነበር፤ የብዙዎቹ ቀነሰ።

ይህ ሁሉ ስምንት ወር ሄደና ጦርነቱ ቀረበ፤ መንገዱ ተዘጋ። ጓድ ምስጋኑ ሪፖርቱ እንዳይቀርበት ሰዉ የትምህርት ቤቱን ሜዳ እንዲዞር አዘዘ። ያን ጊዜ ሴቶቹ ወጡ። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ጀርባ ላይ ሸክም የለም። ይማርሽ እንዝርቷን እያሾረች ትዞር ነበር። ስልሳ ሰው የሚሞላበት ቀንም ነበር።

ከፋለ ግን እንደ አውድማ በሬ አንድ ቦታ መዞሩ አነቀው። ሦስት ሐሙስ ታገሰና የሚያስኬድ ሥራ እንዲፈልግለት አብዱልጀባርን ለመነው። በየገጠሩ የሚዞር የክትባት ሳጥን ተሸካሚ ተፈልጎ ነበር። በተዘጋው መንገድ የሚያሳልፍ የይለፍ ወረቀት ተጻፈለት።

የወጣ ለት አዛለች ስንቁን ቋጥራ ሰጠችውና መቼ አርፈህ እንደምትቀመጥ ልወቅ አለችው።

"እኔም ባወቅሁት" አላት፣ ጫማውን እያጠበቀ።

የሐሙሱ ዙር ለዓመታት ሳይቋረጥ ቆየ። ከፋለ ግን ወደ ሜዳው አልተመለሰም፤ በሙጃና በኩልመስክ ቀበሌዎች ሳጥኑን ተሸክሞ ሲመላለስ ጸጉሩ ሸበተ።