ሳይገባ የቀረው የድራማ ውጤት

ማርዋ ሰይፈዲን ቴፒ ከተማ ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። እኔ አማርኛ፣ እሷ እንግሊዝኛ። አባቷ ከስልጤ መጥተው ሚዛን ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሱቁን እንድትይዝላቸው ቢፈልጉም እሷ መምህርት ሆነች። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላት ደግሞ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ለዲግሪ በክረምት መርሐ ግብር ተመዘገበች። የመረጠችው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው።

«ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ማንበብ እወዳለሁ» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ኮሌጁ ያለበት ከተማ ለመድረስ ከንጋት እስከ ምሽት አውቶቡስ ላይ መዋል ነው፤ ሐምሌ ላይ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አንዳንዴም ማደር አለ። አራት ክረምት ተመላለሰች። ለልቦለድ ኮርስ፣ ለሰባ ተማሪ የነበረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። እሱም ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ሃያ ገጽ ተዘለለ፤ ፈተናው የወጣው ከነዚያው ሃያ ገጾች ነበር። የግጥም መምህሩ ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ በረዶ ሲያብራራ ሰነበተ። እሷ የምታውቀው በረዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ የግጥሙ በረዶ ግን ድምፅ የለውም። «ይህ እስኪገባኝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ» ብላ ስትነግረኝ ከልቧ ተናዳ ነበር።

ይህ ሁሉ አለፈ። አላልፍ ያለው የድራማ ውጤት ነው። በመጨረሻው ክረምት የውጤት ወረቀቷን ስትቀበል ከድራማ ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ኮርሱን ያስተማረው ይርዳው የሚባል ወጣት መምህር የስድስት ተማሪዎችን ውጤት ሳያስገባ ሥራ ለቆ ሄዷል። ማርዋ ሬጅስትራር ሄዳ ንጋቷ የምትባለውን ሠራተኛ ጠየቀች።

«መምህሩ ካላስገባ እኛ ምን እናድርግ እህቴ?» አለቻት ንጋቷ።

«መምህሩ የት ነው?»

«ውጭ ሄዷል ይባላል።»

«ታዲያ ፈተናዬስ?»

«ከመምህሩ ጋር ነዋ።»

አምስቱ ተማሪዎች በዚያው ዓመት ኮርሱን እንደ አዲስ ወስደው ጨረሱ። ማርዋ ግን «የተፈተንኩትን ለምን ድጋሚ እፈተናለሁ?» ብላ አሻፈረኝ አለች። በዓመቱ እሺ ብላ ስትሄድ ኮርሱ በዚያ ክረምት አይሰጥም ተባለች። አባቷ በዚህ መሀል ለደንበኞቻቸው ሁሉ ልጄ ተመርቃለች ብለው አውርተዋል። ሚዛን ገበያ በወጣች ቁጥር የማታውቃቸው ሴቶች እጇን ይዘው እንኳን ደስ አለሽ ይሏት ጀመር። መጀመሪያ ታስረዳቸው ነበር። በኋላ «አሜን» ብላ ማለፍ ለመደች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ወንድሜ ገሠሠ ጌጫ ከተማ ሄዶ የንብ ማነብ ሥልጠና ወስዶ ምስክር ወረቀት ይዞ መጣ። ግርጌው ላይ የፈረመው የሥልጠናው አስተባባሪ ስሙ ከነአባቱ ያው የማርዋ መምህር ነው። ወረቀቱን ወስጄ አሳየኋት።

«ውጭ ማለት ጌጫ ነው?» አለች።

ቅዳሜ በጠዋት አብረን ተሳፈርን። ጌጫ እንደ ልማዷ ካፊያና ብርድ ናት። ይርዳውን የንብ ቀፎ በተደረደረበት አንድ ቢሮ ውስጥ አገኘነው። ሲያያት ደንገጥ ብሎ ተነሣ።

«ማርዋ! ከኋላ ይቀመጡ የነበሩት?»

«ከፊት ነበር የምቀመጠው መምህር።»

በጣም አፈረ። ሥራው ድንገት ተገኝቶ በጥድፊያ እንደ መጣ፣ ወረቀቶቹን ዛሬ ነገ እልካለሁ ሲል እንደ ቆየ ነገረን። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ካርቶን ይዞ መጣ። ፈተናዋ ከነስሙ እዚያ ውስጥ ነበር። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ማረም ጀመረ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ኤክስ አደረገበት።

«ይህ ለምን ተሳሳተ?» አለች ማርዋ።

ጥያቄው ባነበቡት ተውኔት ውስጥ መሬቷን ስለተቀማች አንዲት መበለት ነው። መጨረሻ ላይ ዳኛው ፊት ቀርባ አንድም ቃል አትናገርም። ለምን?

«ፈርታ ነው። ማስታወሻው ላይ ሰጥቻችኋለሁ» አላት።

«ለጸሐፊው ነገረች፣ ለቄሱ ነገረች፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረች። የፈራ ሰው ይህን ያህል ደጅ ይጠናል? ፈርታ አይደለም፣ ሰልችቷት ነው። እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነው።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ይርዳው መልሷን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበው። ከዚያ ኤክሱን ሰርዞ ሙሉ ነጥብ ሰጣት። ድምሩ ቢ ፕላስ ሆነ፤ የማሻሻያ ደብዳቤውንም ጽፎ ፈረመላት። በመንገድ ላይ ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ «ለአንድ ሰዓት ሥራ ሁለት ዓመት» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በሳምንቱ ደብዳቤውን ይዛ ኮሌጁ ሄደች። ንጋቷ አገላብጣ አየችውና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ካልፈረመበት አይሠራም አለቻት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ማርዋ አራት ቀን በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልተነሣችም። በአምስተኛው ቀን ፈረመ።

በ2001 ክረምት ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ተመረቀች። አባቷ ከፎቶው ሁለት ቅጂ አሳጥበው አንዱን ሱቅ ውስጥ ሰቀሉት። ቀድሞ እንኳን ደስ አለሽ ያሏት ሴቶች አሁን «ሁለተኛ ዲግሪ ነው?» ይሏት ጀመር።

መስከረም ላይ ሁለተኛ ደረጃ አዛወሯት። የእንግሊዝኛ መምህር ሞልቷል ተብሎ ሥነ ዜጋ ደረሳት። አቤቱታ ጽፋ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠችው፤ እሱም እናየዋለን አላት። ዓመቱን ሙሉ ሥነ ዜጋ አስተማረች፤ በየወሩ አንድ አዲስ አቤቱታ እየጻፈች። በሁለተኛው ዓመት ሁለት የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሰጧት።